በስኳድራው በኩል ያለፈ ብርሃን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የድሬ ልጅ ነኝና «አንተ» ብልህ አትቀየመኝም። ኮሌጅ ገብቼ የብረታ ብረት ሥራ እየተማርኩ ነው። እናንተ ያለ ዲፕሎማ ቶርኖ፣ ያ የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ እንዴት ቆማችሁ? (ከሳቢያን)

መልስ፦ «እርስዎ» ብትለኝ ነበር የምቀየመው! ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲደርስ ድሬም አብራው ተወለደች። የሚጠግነው ሰው ግን ተዘጋጅቶ አልጠበቀም፤ እዚያው ብረቱ ላይ ነው የተማረው።

እኔ የባቡሩ መጠገኛ ወርክሾፕ የገባሁት በአጎቴ ተያዥነት ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ቶርኖውን የነካሁት ስወለውለው ብቻ ነበር። አለቃዬ ቁራጭ ብረት ሞርሳ (ብረቱን አጥብቆ የሚይዘው መሣሪያ) ላይ አስሮ ሞረድ ሰጠኝ፤ «ስድስቱንም ፊት እኩል አድርግ።» ስጨርስ ስኳድራውን፣ የዘጠና ዲግሪ መለኪያውን፣ ጠርዙ ላይ አሳርፎ ወደ መስኮቱ ያነሳዋል። የፀጉር ያህል ብርሃን ካለፈ፣ እንደገና! አንዱን ፊት ሳስተካክል ሌላው ይጣመማል። ግማሽ ጡብ የሚያህለው ብረት አልቆ አልቆ የክብሪት ቀፎ አከለ። ያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የመሣሪያውን ስም ሁሉ በፈረንጅ ቋንቋ እንጠራ ነበር፣ አንድ ፊደል ሳንቆጥር።

ሐረር ጀጎል ውስጥም የሣር ስፌቱ እንዲሁ ነው የተላለፈው፦ ልጅቷ ከእናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ የተሳሳተችውን እየፈታች።

ድሮ ይሻል ነበር ልልህ አይደለም። እኔ የቴክኒክ ስዕል ማንበብ የቻልኩት ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ አንተ ገና በመጀመሪያው ዓመት ታውቀዋለህ። ያቺ ቁራጭ ብረት አሁንም ቤቴ አለች። ቅዳሜ ብቅ በል፣ ስኳድራህን ይዘህ።