እርቁ ወረደ፣ ሪጄክቱ ግን ባለበት ነው

ጠያቂያችን ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ ሥራ ከጀመረች ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ጉድለት ያለበትን ልብስ ሪጄክት ባደረገች (በመለሰች) ቁጥር የላይኑ (የስፌት መስመሩ) ሱፐርቫይዘር በኦፕሬተሮች፣ ማለትም በሰፊዎቹ፣ ፊት ይጮኽባታል። የሰው ሀብት ክፍል ጠርቶ አስታርቋቸው ነበር፤ ጠቡ ግን በሳምንቱ አገረሸ። «ሥራዬን እወድ ነበር፤ አሁን የምገባው ለደመወዙ ብቻ ነው። ልልቀቅ?» ትላለች።

እህቴ፣ ሱፐርቫይዘሩ የሚገመገመው በሰዓት በሚያወጣው ብዛት ነው፤ አንቺ ደግሞ ባሳለፍሽው ጉድለት። ሁለታችሁም ሥራችሁን በትክክል ብትሠሩም መጋጨታችሁ አይቀርም። ሽምግልናው ቂሙን አበረደ እንጂ «አከራካሪውን ልብስ ማን ይወስናል?» የሚለውን ጥያቄ አልነካውም። ያልያዘው ለዚህ ነው።

ጆን ሜየርና ናታሊ አለን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ሠራተኛን ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የሚያስተሳስሩ ሦስት ነገሮችን ለይተዋል፦ መሥሪያ ቤቱን ከልብ መውደድ፣ ብለቅ የማጣው ይበዛል ብሎ መስጋት፣ መቆየት አለብኝ የሚል የግዴታ ስሜት። አንቺ ዘንድ የመጀመሪያው ላልቶ የያዘሽ ሁለተኛው ብቻ ነው፤ ደመወዝና ሰርቪስ። በጥራት ሥራ ላይ ይህ አደገኛ ነው፤ ጩኸት ላለመስማት ብለሽ ያሳለፍሽው ጥቅል ከገዢው ሲመለስ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ለ10 የሥራ ቀናት መዝግቢ፦ ሰዓቱን፣ የጥቅሉን ቁጥር፣ የጉድለቱን ዓይነት፣ ስንት ልብስ እንደሆነ፣ በመጨረሻ ማን እንደወሰነ። ስለ ሰውየው ጠባይ አንድ ቃል አትጻፊ። ኦፕሬተሮችን ምስክር አድርገሽ አትሰብስቢ፤ ነገ የሚውሉት በእሱ ላይን ነው። በላይኑ የቴሌግራም ግሩፕም አትመልሺለት።

ከዚያ የጥራትና የምርት ኃላፊዎቹን አንድ ላይ አነጋግሪ። ለየብቻ ካነጋገርሻቸው እያንዳንዱ ለራሱ ሰው ያደላል። ጥያቄሽ ሦስት ይሁን። የጸደቀው ናሙናና የሚፈቀደው የልኬት ልዩነት ጠረጴዛሽ ላይ ይቀመጥ። ያከራከረ ልብስ ተለይቶ ይቀመጥና አንድ የተመደበ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ይወስን። ፍተሻው የላይኑ መጨረሻ ላይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በየሰዓቱ መሐል ላይም ይደረግ። ትልቁ ይኸኛው ነው፤ ጉድለት በ5 ልብስ ላይ ሲያዝ ኦፕሬተሯ ወዲያው ታስተካክለዋለች፣ በ50 ላይ ሲያዝ ግን መፍታቱና መልሶ መስፋቱ የሱፐርቫይዘሩን ታርጌት ይበላል። የሚጮኸው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ወደ ትንኮሳ ወይም ዛቻ ከሄደ ግን 10 ቀን አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን በጽሑፍ አመልክቺ፣ ቅጂውን ያዢ። እጅ መሰንዘር ደግሞ ከቶ አይታሰብ፤ በሥራ ቦታ አምባጓሮ ማንሳት እንደ ክብደቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብታል።

አንድ ወር ጠብቀሽ ካልተለወጠ ልቀቂ፤ ጥፋት የለውም። ብዙዎች እንደሚያደርጉት ደመወዝ ተቀብሎ መጥፋት ግን ያስከፍላል። የ60 የሥራ ቀናት ሙከራሽን ስላለፍሽ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብሽ፤ ካልሰጠሽ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ልትጠየቂ ትችያለሽ። የሥራ ልምድ ማስረጃሽን ከወዲሁ ጠይቂ፤ ሥራ ላይ እያለሽም ቢሆን በነፃ ሊሰጡሽ ይገባል፣ የሥራውን ዓይነት፣ የቆየሽበትን ጊዜና ደመወዝሽን መያዙን ሳታዪ አትቀበዪ።