የእናቴ የምግብ ፍላጎት ጠፍቷል፤ ጁስ ይበቃታል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ68 ዓመት እናቴ በሳንባ ምች ታማ ሆስፒታል ተኝታ ከወጣች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ትኩሳቱም ሳሉም ለቋታል። ምግብ ሲቀርብላት ግን ሁለት ሦስት ማንኪያ ወስዳ “በቃኝ” ትላለች። ጠዋትና ማታ ከሐብሐብና ከብርቱካን ትልቅ ብርጭቆ ጁስ እሠራላታለሁ፤ ግማሹን ትተወዋለች። እየከሳችም ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከእንዲህ ያለ ከባድ ሕመም በኋላ የምግብ ፍላጎት ከትኩሳቱና ከሳሉ ዘግይቶ መመለሱ የተለመደ ነው። ሰውነት ግን የሚጠገነው በዚሁ ጊዜ ነው፤ በሕመሙ ወቅት ያለቀውን ጡንቻ ለመተካት ፕሮቲንም ጉልበት ሰጪ ምግብም ይፈልጋል። የሚሠሩላቸው ጁስ ደግሞ አብዛኛው ውኃና ስኳር ነው። ሆዳቸውን ይሞላል፣ ምግቡን ይሻማል፣ የሚያተርፍላቸው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ መጠኑን ያሳንሱ፤ ውስጡን ያበልጽጉ።

ግማሽ የበሰለ ሙዝ፣ 150 ሚሊ ሊትር ቅባቱ ያልወጣለት ወተት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ እርጎና አንድ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ አብረው ይፍጩ። ይህ ስሙዚ ወደ 270 ካሎሪና 10 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። በመጠን እኩል የሆነ የሐብሐብ ጁስ 100 ካሎሪ እንኳ አይሞላም፤ ፕሮቲኑም ከቁጥር አይገባም። በሙዙ ፋንታ አቮካዶ ወይም ፓፓያ ይሆናል። አንድ ማንኪያ የዱቄት ወተት ቢጨመርበት መጠኑ ሳይበዛ ይበልጥ ይጠናከራል። ውድ የፕሮቲን ዱቄት መግዛት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ወተት ሆዳቸውን የሚነፋቸው ከሆነ በእርጎ ብቻ ወይም በአኩሪ አተር ወተት ይሥሩት። ጥሬ እንቁላልና ያልተፈላ ጥሬ ወተት ግን አይጨምሩ።

አቀራረቡም ከይዘቱ አያንስም። ትልቅ ብርጭቆ የታመመን ሰው ገና ሲያየው ያደክመዋል። በትንሽ ኩባያ ቀድተው በሁለት የምግብ ሰዓቶች መካከል እንጂ ልክ ከምግብ በፊት አይስጧቸው፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀስ እያሉ ይጠጡት። ሽታ የሚያስጠላቸው ከሆነ ቀዝቀዝ ያለው ይሻላል፤ ቀዝቃዛ ነገር ሽታው ይቀንሳል። አፋቸው ከቆሰለ ብርቱካንና አናናስ ያቃጥላቸዋል። እርስዎም ማስታመሙ እንደሚያደክምዎት ይገባኛል፤ ሙዙን ልጠውና ቆራርጠው በረዶ ቤት ቢያስቀምጡ በየቀኑ የሚቀርዎት መፍጨት ብቻ ነው። የተረፈው ወዲያው ፍሪጅ ይግባ፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ይጠጣ። ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ የቆየውን ይድፉት።

እናትዎ የስኳር ሕመም ካለባቸው ማርና ስኳር አይጨምሩ፤ የፍራፍሬውንም መጠን ከሐኪማቸው ጋር ይወስኑ። የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ሙዝ፣ አቮካዶና ወተት ፖታሲየምና ፎስፈረስ ስላላቸው ሳይጠይቁ አይጀምሩ። ከአምስት ቀን በላይ ምንም ያህል ምግብ ያልቀመሰን ሰው ደግሞ በድንገት አብዝቶ መመገብ በደም ውስጥ ያሉትን ማዕድናት አዛብቶ ልብን ሊጎዳ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው የሚጀምረው በሐኪም ክትትል ነው።

በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓትና በአንድ ሚዛን ይመዝኗቸው። ከሕመሙ በፊት ከነበራቸው ክብደት 5 በመቶ ከቀነሱ፣ ማለትም 60 ኪሎ ከነበሩ 3 ኪሎ ከጎደለ፣ የጁሱን ዓይነት በመለዋወጥ ጊዜ አያጥፉ፤ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው። ሲጠጡ የሚያስላቸው፣ የሚያንቃቸው ወይም ድምፃቸው ጉሮሮው ውኃ እንደ ያዘ ሰው የሚሆን ከሆነ ግን መጠጡን አቁመው በዚያው ቀን ያስመርምሯቸው። የሚጠጡት ነገር ወደ ሳንባ እየገባ ከሆነ የሳንባ ምች ሊመለስባቸው ይችላል።