የአደጋ ጊዜ ቦርሳ፦ ገዝቶ ማስቀመጥ ወይስ በራስ መሙላት?

ብዙ ወገኖች አንድ ጥያቄ ያነሱልኛል፦ «ያንን ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የአደጋ ጊዜ ቦርሳ ልግዛ ወይስ ራሴ ላዘጋጅ?» መልሴን ላስቀድም። ራሳችሁ አዘጋጁት። ይሁንና «ጊዜ ሳገኝ» እያላችሁ ዓመት የምታሳልፉ ከሆነ የተዘጋጀውን ዛሬውኑ ግዙ፤ እቤት እንደደረሰ ግን ከፍታችሁ፣ ያለውን አይታችሁ፣ የጎደለውን ሙሉበት። በጣም የምፈራው ገዝቶ፣ ላስቲኩን እንኳ ሳይቀድ ቁም ሳጥን ውስጥ ወርውሮ «እኔ ተዘጋጅቻለሁ» ብሎ መተኛትን ነው።

በሰው አገር የሚኖር ሰው ይህን ጉዳይ ለምን ችላ እንደሚለው ይገባኛል። ብዙዎቻችን በተከራየነው ክፍል ውስጥ ዕቃ ማብዛት አንወድም። «እዚህ ያለሁት ለጊዜው ነው» የሚለው ሐሳብ ስንት ዓመት ካለፈ በኋላም አይለቀንም። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰውማ ገና ላልመጣ ችግር የሚያስብበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ግን ችግሩ ሲመጣ የሚሮጥበት የእናት ቤት፣ በሩን የሚያንኳኳበት የአጎት ቤት በአቅራቢያው የሌለው እሱው ነው። የማስጠንቀቂያ መልእክቱም የሚደርሰው በሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ለአንዳንዱም ፈጽሞ በማይገባው ቋንቋ።

የማወራው ስለ ዓለም ፍጻሜ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2025 በስፔንና በፖርቱጋል መብራት በአንድ ጊዜ ድርግም ሲል ባቡሮች ቆሙ፣ የካርድ ክፍያ ተቋረጠ፣ ስልክ አልሠራ አለ። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ ውስጥ በዚያ ሁሉ ብርድ መሐል ከ4 ሚሊዮን የሚበልጡ ቤቶችና ድርጅቶች ኤሌክትሪክ አጡ፤ የውሃ ቧንቧዎች በቅዝቃዜ ፈነዱ። ስዊድን በ2018 ለየቤቱ የላከችውን የዝግጁነት መመሪያ በ2024 አድሳ እንደገና ላከች። የአውሮፓ ኅብረትም በማርች 2025 ሰዎች ቢያንስ ለ72 ሰዓት ራሳቸውን ችለው መቆየት እንዲችሉ ጥሪ አቀረበ። ቦርሳችንን ስንሞላ መነሻችን እነዚህ ሦስት ቀናት ይሁኑ።

አሁን ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ቦርሳ አብረን እንክፈተው። ውጩ ላይ «ለሁለት ሰው፣ ለሦስት ቀን» ተጽፎበታል። ውስጡ እያንዳንዳቸው 125 ሚሊ ሊትር የሚይዙ የታሸጉ የውሃ ከረጢቶች አሉ። ለአንድ ሰው በቀን አራቱን ብትመድቡ ግማሽ ሊትር ነው፤ ከሁለት የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። የአሜሪካ መንግሥት የሚመክረው ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን፣ ማለትም ወደ 3.8 ሊትር ነው፤ ይህ ለመጠጥም ለመታጠብም ነው። ቀጥሎ እንደ ጡብ የተጠፈጠፈ ብስኩት ታገኛላችሁ፣ 2400 ካሎሪ የተጻፈበት። ለአንድ ሰው ሦስት ቀን ሲካፈል በቀን 800 ይደርሳል፤ አንድ ትልቅ ሰው በተለመደው ቀን ከሚበላው ከግማሽ በታች ማለት ነው። «100 ዕቃ የያዘ» የተባለው የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ሲቆጠር አብዛኛው ትንንሽ ፕላስተርና በአልኮል የራሰ መጥረጊያ ነው። ደም ለሚፈስ ትልቅ ቁስል የሚሆን ወፍራም ጎዝና ፋሻ ግን አንድ ወይም ሁለት ብቻ፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ከዚያ ብርሃኗ የደከመች የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ የሚያብረቀርቅ ብርድ ልብስ።

ይህን የምለው ሻጮቹን ለማጥላላት አይደለም። የታሸገው ውሃና ብስኩት አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ይቆያል፤ ቦታ አይፈጅም፤ በተለይ መኪና ውስጥ ለሚቀመጥ ቦርሳ ጥሩ ነው። የሚያብረቀርቀውም ብርድ ልብስ ሥራውን ካወቃችሁለት ይጠቅማል፦ ሙቀት አይፈጥርም፣ ከሰውነታችሁ የሚወጣውን ይመልሳል እንጂ። ስለዚህ ደረቅ ልብስና ወፍራም ሹራብ ከሥሩ ካልለበሳችሁ ብዙም አትጠብቁበት። የተዘጋጀው ቦርሳ ዋና ጉድለት ግን ለማንም እንዲሆን ተብሎ መሠራቱ ነው። የስኳር ሕመምተኛ እንዳለባችሁ፣ ሕፃን እንደምታጠቡ፣ አሥረኛ ፎቅ እንደምትኖሩ ያሸገው ሰው አያውቅም።

ሌላ የሚያደናግር ነገር አለ። ሻጩ ሁሉንም በአንድ ቦርሳ ስለሚከት እኛም ነገሩ አንድ ይመስለናል። ሁለት ነው። አንደኛው ከቤት ሳትወጡ የምትቆዩበት ክምችት ነው፤ ሁለተኛው «ውጡ» ስትባሉ በትከሻችሁ የምትይዙት ቦርሳ። አራት ሰው ላለበት ቤት በቀን አራት አራት ሊትር ብላችሁ ሦስት ቀን ብታባዙት 48 ሊትር ውሃ ነው፤ 48 ኪሎ! ይህ የቤት ክምችት ነው፤ አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን ግርጌ ይቀመጣል። በቦርሳ የሚያዘው ለአንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ሊትር፣ ከዚያም ሌላ ውሃ የምታክሙበት ዘዴ ነው። ንጹሕ የሚመስል ግን የማታምኑት ውሃ ሲያጋጥማችሁ አፍልታችሁ አንድ ደቂቃ ካንተከተካችሁት ከጀርም ይጸዳል፤ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ ሦስት ደቂቃ። ማፍላት ካልተቻለ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት ተራ በረኪና፣ ከ5 እስከ 9 በመቶ የሆነውን፣ ለአንድ ሊትር ሁለት ጠብታ አድርጋችሁ አማስሉና 30 ደቂቃ ጠብቁ። የደፈረሰ ከሆነ አስቀድማችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ትንንሾቹ የእጅ ማጣሪያዎች ለባክቴሪያ ጥሩ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ቫይረስን አያስቀሩም፤ አንዴ ረጥበው ውስጣቸው የቀረው ውሃ በብርድ በረዶ ከሆነ ደግሞ ማጣሪያው ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለውን ለክረምት ጊዜ መኪና ውስጥ አትተዉት። ቤንዚን ወይም ኬሚካል የገባበትን ውሃ ግን ማፍላቱም በረኪናውም አያድነውም።

አሁን የትኛውም ፋብሪካ ሊያሽግላችሁ ወደማይችለው ልምጣ፤ ለእኛ ለስደተኞች ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነውና።

ወረቀታችን ሕይወታችን ነው። ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የዜግነት ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ ማኅተም ያረፈበት ዲግሪ። አገሬው ወረቀቱ ቢቃጠልበት በሚኖርበት ከተማ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ሌላ ያወጣል። የእኛ ግን ግማሹ የወጣው ሌላ አህጉር ካለ መሥሪያ ቤት ነው፤ ለመተካት ውክልና፣ ዘመድ፣ ወራት ይጠይቃል። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ወገንማ ወደ ኤምባሲ መሄድም ሊቸግረው ይችላል። ስለዚህ ዋናዎቹን ሁሉ ውሃ በማያስገባ አንድ ቦርሳ ሰብስባችሁ እጃችሁ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጡ። ኮፒያቸውን በአደጋው ቦርሳ ክተቱ። በስልክ አንስታችሁም በይለፍ ቃል የተቆለፈ ፍላሽ ላይ አኑሩ፤ ሌላ ከተማ ላለ የምታምኑት ሰው ብትልኩም ደግ ነው።

ስልክ ቁጥርም እንዲሁ። ዛሬ የባለቤቱን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ባትሪው ሲሞት ዘመዱ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በወረቀት ጻፉት። ከአካባቢያችሁ ራቅ ብሎ የሚኖር አንድ ሰው መርጣችሁም ሁሉም የቤተሰብ አባል «ደኅና ነኝ» የሚለውን ለእሱ ይላክ። መስመር ሲጨናነቅ ጥሪ ባያልፍም አጭር የጽሑፍ መልእክት ብዙ ጊዜ ያልፋል።

ከእናንተ ጋር የሚኖሩ ወይም ሊጠይቁ የመጡ እናት ወይም አባት ካሉ ይህን አደራ እላችኋለሁ። እናንተ ሥራ ላይ ሳላችሁ ሕንጻው ቢቃጠል እማማ ብቻቸውን ደረጃ ወርደው ከማያውቁት ሰው መሐል ይቆማሉ፤ «ማን ነዎት? ምን ይወስዳሉ?» ሲባሉ መልስ የላቸውም። መዳፍ የምታህል ካርድ አዘጋጁላቸው። በአንድ ወገን በአገሩ ቋንቋ ስማቸው፣ የቤቱ አድራሻ፣ ሕመማቸው፣ የመድኃኒታቸው ስምና መጠን፣ የማይስማማቸው መድኃኒት ካለ እሱ፣ የልጃቸው ስልክ። በሌላው ወገን ያው በአማርኛ፣ ምን ተጽፎ እንደሚያሳዩ እንዲያውቁት። ካርዷን በላስቲክ አሽጋችሁ ሁልጊዜ በሚይዙት ቦርሳ ውስጥ ክተቱላቸው። ከማንኛውም ውድ ኪት (ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ ቦርሳ) ይልቅ ይህችን ካርድ አስቀድማለሁ።

መድኃኒት ላይ ሐኪማችሁን ወይም ፋርማሲስቱን አነጋግሩ፤ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የሚሆን ትርፍ ይኑራችሁ። አዲሱ ሲመጣ ወደ ቦርሳው ይግባ፣ ከቦርሳው የወጣው ይዋጥ፤ እንዲህ ካዞራችሁት ጊዜው አያልፍም። ኢንሱሊን ለሚወጉ ሰዎች ፍሪጅ ቢቋረጥ እንዴት እንደሚያቆዩት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ዓይነቱ ይለያያል። መነጽር የምታደርጉ የድሮውን አትጣሉት። ዝርዝር ጥሬ ገንዘብም አትርሱ፤ መብራት ሲጠፋ ካርድ ላስቲክ ነው።

ለብርሃን ግንባር ላይ የሚታሰረውን ባትሪ እመርጣለሁ፤ ልጅ ያቀፈ ሰው በምን እጁ ባትሪ ይይዛል? ባትሪውም ሬዲዮውም አንድ ዓይነት ድንጋይ የሚበሉ ይሁኑ። ድንጋዩን ግን ውስጣቸው አትተዉት፤ ተራው ድንጋይ ሲቆይ ያፈሳል፣ መገጣጠሚያውን በልቶ ዕቃውን ከንቱ ያደርገዋል። በገዛችሁት ቦርሳ ውስጥ ያለችውን የእጅ ባትሪ መጀመሪያ የምትፈትሹትም ለዚህ ነው። ፓወር ባንክ በየሦስት ወሩ ይሞላ።

ቢላዋው፣ የዓሣ መንጠቆው፣ እሳት ማጫሪያው፣ ከገመድ የተጠለፈው አምባር በማስታወቂያው ላይ ያምራል። ገንዘባችሁን አታባክኑበት። አብዛኞቻችንን የሚያጋጥመን የመብራት መጥፋት፣ ጎርፍ፣ የሕንጻ ቃጠሎ፣ የበረዶ ወጀብ ነው፤ ጫካ አይደለም። ደም ለማቆም የሚያገለግለውን ማሰሪያ፣ ቱርኒኬት የሚሉትን፣ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከታወቀ አከፋፋይ ብቻ ይሁን፤ ሲያጠብቁት የሚሰበር አስመስሎ የተሠራ ገበያውን ሞልቶታል። ከመግዛታችሁም በፊት አጠቃቀሙን ተማሩ። በብዙ አገሮች ቀይ መስቀል የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል።

በብዙዎቹ ኪቶች ውስጥ የማላየው፣ እኔ ግን ያለ እሱ ዝግጅት ተሟላ የማልለው አንድ ዕቃ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህ ጋዝ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ራስ ምታትና ድካም ያስመስላል፣ ከዚያ ያስተኛል። በ2021 የቴክሳስ ብርድ ጊዜ ለመሞቅ ሲሉ በዚህ ጋዝ ከሞቱት መካከል የእኛው ወገኖች ነበሩ። እባካችሁ፦ ከሰል በቤት ውስጥ አታያይዙ፤ የካምፕ ምድጃ፣ ጄነሬተር ቤት አታስገቡ፤ በረንዳም ሆነ ጋራዥ በሩ ቢከፈትም አያድንም። ከቤቱ ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስታችሁ አትሙቁ፣ ስልክም አትሙሉ። ብርድ ከመጣ ሁላችሁም አንድ ክፍል ተሰብስባችሁ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ደፍናችሁ፣ ልብስ ደራርባችሁ እደሩ። ይህን ለማታውቁትም ጎረቤት ንገሩ።

ወጪውን ለሚያስብ ደግሞ፦ ራሳችሁ ስታዘጋጁ በአንድ ቀን መጨረስ የለባችሁም። መጀመሪያ ቤታችሁን ዙሩ፤ አሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ሹራብ፣ ማንኪያ፣ ጠርሙስ አይጠፋም። ከዚያ በየአስቤዛው አንድ ነገር ጨምሩ፦ በዚህ ሳምንት ውሃ፣ በሚቀጥለው ቤተሰባችሁ የሚበላው፣ ሳይበስል የሚበላ የታሸገ ምግብ ከእጅ መክፈቻው ጋር። ለልጆቻችሁ ያላስቀመሳችሁትን ምግብ አታከማቹ፤ የተጨነቀ ልጅ አዲስ ምግብ አይነካም።

ሲሞላ ቦርሳውን ተሸክማችሁ ደረጃውን ውረዱና ውጡ። ካስቃሰታችሁ ቀንሱ። አንድ ማታም መብራቱን ሁሉ አጥፍታችሁ ከልጆቹ ጋር ሁለት ሰዓት ቆዩ፤ ባትሪው የት እንዳለ፣ መክፈቻው ይሠራ እንደሆነ፣ ሬዲዮው ምን እንደሚይዝ ያኔ ይታያል። የጎደለውን እዚያው ጻፉት። ከቦርሳው ክዳን ውስጥ የዕቃዎቹን ዝርዝርና የሚያልፉበትን ቀን የያዘ ወረቀት ለጥፉ፤ ሰዓት የሚቀየርበት አገር የምትኖሩ ከሆነ ሰዓቱን በቀየራችሁ ቁጥር፣ ካልሆነ በየስድስት ወሩ ከፍታችሁ እዩት። ልጆች ካሏችሁ ያን ቀን የጫማና የልብሳቸውን ቁጥርም ለኩ፤ ባለፈው ዓመት የገባው ጫማ ዛሬ አይገባም።