የሱፍ ስጋጃ በኦሞ አይታጠብም፤ በምን ይታጠባል?

እህቴ፣ ከአማትሽ የተረከብሽውን ሦስት በአራት ሜትር የሱፍ ስጋጃ ግቢሽ ውስጥ በኦሞ ማጠብ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ማጠቡ ይቻላል፤ ኦሞው ግን ይቅርብሽ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ግቢያችን የቤቱን ስጋጃዎች የማጥበው እኔ ነኝ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ሱፍ የበግ ጠጉር ነው፤ እንደኛ ፀጉር ከፕሮቲን የተሠራ። ኦሞ አልካላይን ስለሆነ ያደርቀዋል፣ ያሻክረዋል። በረኪናማ ጭራሽ ይበላዋል። ለስላሳ የፀጉር ሻምፑ ይበቃል። ደረቅ ሳሙናም አልመክርሽም። የድሬ ውሃ ኖራ እንደሚበዛበት ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ ከሚጋገረው ነጭ ነገር ታውቂዋለሽ። ሳሙና ከዚህ ውሃ ጋር ሲገናኝ ዝቃጭ ይሠራና ጠጉሩ ላይ ይጣበቃል።

መጀመሪያ ገልብጠሽ ጀርባውን እዪ። የፊቱ ጥለት ከኋላም ጥርት ብሎ ከታየ የተሸመነ ነው፤ ውሃ ይችላል። ጀርባው በሸራ ከተሸፈነ ግን ክሩን የያዘው ሙጫ ነውና አትንከሪው። ሱፍ መሆኑንም አረጋግጪ። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዘሽ በክብሪት ለኩሺው። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈጫል። ፕላስቲክ ከሆነ ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። አቦ፣ ብዙ ሰው ስጋጃውን ዘርግቶ ወዲያው ውሃ ይለቅበታል! የድሬን አቧራ ታውቂዋለሽ። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ነፋስ ሲነሳ መስኮት ቢዘጋም ይገባል። ያ አሸዋ ወደ ክሩ ሥር ይወርድና በተረገጠ ቁጥር ጠጉሩን ከሥሩ ይቆርጠዋል። ውሃ ሲያገኘው ደግሞ ጭቃ ሆኖ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በደረቁ አውጪው። ፊቱን ወደ ሲሚንቶው ደፍተሽ ጀርባውን በዱላ ምቺ፤ ልጆቹም ይመላለሱበት። ገልጠሽ የወረደውን ጥረጊ፣ መልሰሽ ድፊ፣ ድገሚ። የሚወርድ አሸዋ እስኪጠፋ አትተዪው። እኔ ከማጠቡ የበለጠ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ከዚያ ቀለሙን ፈትኚ። ነጭ ጨርቅ በሻምፑ ውሃ አርሰሽ ቀዩና ጥቁር ሰማያዊው ላይ ለጥቂት ደቂቃ ተጭነሽ ያዢ። ቀለም ጨርቁ ላይ ከወጣ ማጠቡን ተዪው።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ለማለቅለቂያ የሚበቃ በርሜል ሳትሞዪ እንዳትጀምሪ። ውሃው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን። ትኩስ ውሃና ኃይለኛ ፍትጊያ ሱፍን ያኮማትረዋል። ሻምፑውን በባልዲ በጥብጠሽ፣ በለስላሳ ብሩሽ ጠጉሩ ወደተኛበት አቅጣጫ ቀስ እያልሽ አጽጂው። አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቂ። በመጨረሻው ባልዲ ላይ ግማሽ ኩባያ ነጭ አቼቶ ጨምሪ፤ የቀረውን ሻምፑ ያስለቅቃል።

ወለል ላይ ውሃ በምንገፋበት ባለጎማ እንጨት ውሃውን ግፊ እንጂ ስጋጃውን አትጠምዝዢው። እንዲህ ያለ ስጋጃ ደረቁን ሰላሳ ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ውሃ ሲጠጣ እጥፍ ይሆናል። ገመድ ላይ ካሰጣሽው በገዛ ክብደቱ ተጎትቶ ቅርጹን ያጣል። ሁለት የሽቦ አልጋ ጎን ለጎን አቁመሽ ላዩ ላይ ዘርጊው፤ ከሥርም ነፋስ ያገኘዋል። ጀርባውን ወደ ፀሐይ አድርጊ፤ የድሬ ፀሐይ ቀለም አይምርም። በጠዋት ከጀመርሽ ሙቀቱ ራሱ ያግዝሻል።

ሐረር ላላችሁ ደግሞ፦ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እናንተ ከ1,800 በላይ ናችሁ። ከድሬ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ከወጡ በኋላ ማታው ይቀዘቅዛል። ለማድረቂያ ተጨማሪ ቀን ያዙ፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ጭራሽ አትሞክሩት።

ላዩ ደረቀ ብለሽ አትመኚው። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ እጅ ላይ ደረቅ ይመስላል። ጣትሽን እስከ ክሩ ሥር አስገብተሽ ዳስሺ፤ ቀዝቀዝ ካለሽ ገና ነው። ሳይደርቅ ሳሎን ከገባ ይሻግታል፣ ሽታውም ቶሎ አይለቅም።

እስቲ የጀርባውን ፎቶ ላኪልን። ባለሙጫ ከሆነ ሳይነከር የሚጸዳበትን መንገድ እጽፍልሻለሁ።