ቤቱ ተወደደ፣ ልበደርበት?

ሰሞኑን ከሀዋሳ የደረሱኝ ጥያቄዎች ስለ ብድር ናቸው። ባንኩም ስልኩም ማበደር ሲጀምር ቤተሰብ ምን ያድርግ?

«አቶቴ ያለው ቤታችን ዋጋው እጥፍ ሆኗል። ልጃችን ሊያገባ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ጡረታ ሊወጣ ነው። ‹ቤቱን አስይዘን እንበደርና ደህና አድርገን እንዳረው› ይለኛል። ሀብታችን ጨምሮ የለ?»

እናቴ፣ ቤቱን ብትሸጡት ሌላ የምትገዙትም በዚያው በተወደደው ዋጋ ነው። በየወሩ እጃችሁ የሚገባው ብር አልጨመረም። ብድሩ ግን በየወሩ ይጠየቃል፤ የሚከፈለውም ከጡረታ ነው። ልጃችሁም ጎጆ ሲወጣ የሚከራየው ወይም የሚገዛው ይህንኑ የተወደደ ቤት ነው።

ስዊድኖች ይህን አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1985 ማዕከላዊ ባንካቸው ባንኮች ከዚህ በላይ አታበድሩ የሚባሉበትን የብድር ጣሪያ አስቀረ። ቤተሰቡ በቤቱ ዋጋ ተማምኖ ተበደረ፤ ወጪው ከገቢው እስኪበልጥ ድረስ። የቤት ዋጋም አብሮ ወጣ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዋጋው ሲወርድ ዕዳው እንዳለ ቀረ። ሰዉ ከወጪው ቆርጦ ዕዳ መክፈል ያዘ፣ ገበያው ቀዘቀዘ፣ ባንኮቹን መንግሥት ደግፎ አቆማቸው።

ብድር ሁሉ ክፉ ነው አልልም። በዚያው ገንዘብ ግቢ ውስጥ የሚከራዩ ክፍሎች ብትሠሩ ኪራዩ ብድሩን ለመክፈል ያግዛል። ለሠርግ ግን እባካችሁ ቤት አታስይዙ። ድግሱን ቀንሱት፤ ልጁም ይረዳችኋል።

«ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። ደመወዜ ወሩን ስለማያደርሰኝ በስልክ እበደራለሁ። አሁን ግን በየወሩ ሆነብኝ።»

እህቴ፣ ብድሩ የጠቀመሽ የመጀመሪያውን ወር ብቻ ነው። ያን ወር ከደመወዝሽ በላይ አወጣሽ። ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ለመክፈል ነው የምትበደሪው። ስለዚህ በየወሩ የምትኖሪው ከደመወዝሽ ላይ የብድሩ ወለድ ተቀንሶ በሚተርፈው ነው። በአንዴ አቁሚ አልልሽም፣ የቤት ኪራይ ይጎድልብሻል። በየወሩ የምትበደሪውን ትንሽ ትንሽ ቀንሺ። ዕቁብ ካለሽ ደግሞ ሲደርስሽ መጀመሪያ ይህን ዝጊበት። ልብስም ስልክም ይቆይ።

«የውጭ ባንክ ሲገባ ወለድ ይረክሳል ይባላል። የባጃጅ ብድሩን ልጠብቅ?»

የውጭ ባንኮችን የሚፈቅደው አዋጅ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጸድቋል። እኔ ግን መጀመሪያ የሚፈልጉት ትልልቅ ድርጅቶችን ይመስለኛል፤ ባጃጅ ጋ እስኪደርሱ ይቆያል። በዛሬው ወለድ አስላው። ነዳጁ፣ ጥገናውና ወርሃዊ ክፍያው ወጥቶለት የሚተርፍህ ካለ ግዛ። ከሌለ ሥራው ራሱ አላዋጣም ማለት ነው፤ ተወው።