ግዞተኛው ሐኪምና አሊያኖ

ጥያቄ፦ ሙሶሊኒ ያጋዘው አንድ ጣሊያናዊ ደራሲ በተጋዘባት ትንሽ የገጠር ከተማ እንደተቀበረ ሰማሁ። ሰው በግዞት የኖረበትን ስፍራ ለመቃብር እንዴት ይመርጣል? (አንባቢያችሁ ከደሴ)

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ የሰሙት ስለ ካርሎ ሌቪ ነው፤ እውነትም ነው። የቱሪን ተወላጅ የሆነው ይህ ሐኪምና ሠዓሊ ፋሺዝምን በመቃወሙ እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ ደቡብ ጣሊያን ተጋዘ፤ አብዛኛውን ጊዜውንም በገደል አፋፍ በተሠራችው አሊያኖ አሳለፈ። በወባና በግብር የተማረሩት ገበሬዎች ሐኪም መሆኑን ሲሰሙ ደጁን አጣበቡት፤ እርሱም ሙያውን ትቶ የቆየ ቢሆንም ያክማቸው ጀመር፤ ባለሥልጣናት ሕክምናውን ሲከለክሉትም የተቆጡለት እነርሱ ነበሩ። ክርስቶስ እንኳ ኤቦሊ ከተማ ላይ ቀርቶ እኛ ዘንድ አልደረሰም የሚለው አነጋገራቸው እ.ኤ.አ. በ1945 ላሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ሆነ።

ለደሴ ሰው ግን ይበልጥ የሚከብደው ሌላው ነገር ይመስለኛል። ሌቪ በአሊያኖ ሳለ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ እርሱ ከግዞት የተፈታውም በዚያው ዓመት አዲስ አበባ በመያዟ ምክንያት በተሰጠ ምሕረት ነው። ነጻነቱ ከእኛ ውርደት የመጣ መሆኑ የእርሱ ጥፋት ባይሆንም፣ ታሪኩን ስናነብ ልንዘነጋው አይገባም።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ሌቪ ሲለያቸው እመለሳለሁ ብሎ ለገበሬዎቹ ቃል ገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ሮም ላይ ሲሞት በፈቃዱ መሠረት አሊያኖ ተቀበረ፤ የኖረበት ቤትም ዛሬ ለጎብኚዎች ክፍት ነው።