ከፎርክሊፍት ጥገና ወደ መጋዘን ሮቦት

ጥያቄ፦ በኤሌክትሮሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ በቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ አንድ መጋዘን በፎርክሊፍት ጥገና ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ምኞቴ ግን ያለ ሹፌር ዕቃ የሚያመላልሱ የመጋዘን ሮቦቶች መሐንዲስ መሆን ነው። ሥራዬን ትቼ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር? ወይስ በአገራችን እንዲህ ያለ ሥራ እምብዛም ስለሌለ ሐሳቤን ልተው? የያዝኩት ሥራ ከሙያዬ እያራቀኝ ይሆን የሚል ስጋትም አለኝ። (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ ከመጨረሻው ስጋትዎ ልነሣ፤ የተሳሳቱት እዚያ ላይ ይመስለኛልና። በዚህ ሙያ የመሐንዲሱ ቀን የሚያልፈው ሮቦት በመፈልሰፍ ሳይሆን በአመዛኙ ሮቦቱ ለምን እንደ ቆመ በማጣራት ሲሆን፣ የመቆሙም ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በማሽኑ ውስጥ ሳይሆን በመጋዘኑ ወለል፣ በዕቃው አስተሻሸግና በሰዎቹ አሠራር ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተውና አማዞን በ2012 በ775 ሚሊዮን ዶላር የገዛው የመጋዘን ሮቦት ሠሪ ኩባንያ ኪቫ ሲስተምስ፣ ሠራተኛው ወደ መደርደሪያው መመላለሱ ቀርቶ መደርደሪያው ወደ ሠራተኛው እንዲመጣ አድርጓል። ዝቅ ያሉት ሮቦቶቹ ወለሉ ላይ የተለጠፉ ምልክቶችን በካሜራ እያነበቡ ይሄዱና ከመደርደሪያው ሥር ገብተው ይሸከሙታል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ ደግሞ ምልክት ሳያሻቸው፣ ሊዳር በተባለው የጨረር መለኪያ ዙሪያቸውን እየቃኙ የቆሙበትን ስፍራ በካርታ ላይ ይለያሉ። አጭሩን መንገድ የሚፈልገው ኤ ስታር የተባለው ስሌት ከ1968 ጀምሮ የታወቀ ስለሆነ ለአንድ ሮቦት መንገድ ማግኘት ቀላል ነው፤ የሚከብደው መቶ ሮቦቶች በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ሲገናኙ ማን ለማን እንደሚለቅ መወሰን ነው። በቃሊቲ መንገድ ከባድ መኪኖች የሚተፋፈጉበትን ሰዓት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

በውጭ አገር በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ በአንድ መጋዘን ሮቦቶቻችን ከቀትር በኋላ በማራገፊያው በር አጠገብ እየቆሙ አስቸገሩን። እኛ ለቀናት ሶፍትዌሩን ስንመረምር ምክንያቱን ያገኘው አንድ የዕቃ አራጋፊ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ያዘቀዘቀችው ፀሐይ በቀጥታ የሮቦቱን ካሜራ ትመታው ኖሯል። እርስዎ በየቀኑ የሚያዩት የተሰነጠቀ ሲሚንቶ፣ የተጣመመ ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ)፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚቋረጠው ኔትዎርክ፣ ሁሉም የዚህ ሙያ ትምህርት ናቸው። የመዝገቡም ነገር እንዲሁ ነው፤ በሞዴል 19 የገቢ ደረሰኝ የገባውና በሞዴል 22 የወጪ ደረሰኝ የወጣው ዕቃ፣ ቀሪውን ብዛት ከሚያሳየው ቢን ካርድ ጋር ካልተስማማ፣ ሮቦት ስሕተቱን በፍጥነት ከማመላለስ በቀር የሚፈይደው የለም።

ስለ ሥራ ገበያው ልሸነግልዎ አልፈልግም። የጫኝና አውራጅ ክፍያ ዝቅተኛ፣ መለዋወጫ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በሆነበት አገር፣ ብዙ የመጋዘን ባለቤት ሮቦት ለመግዛት አይቸኩልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅጥርዎ በውጭ አገር ወይም ከርቀት በሚሠራ ሶፍትዌር ላይ ቢሆን አይደነቁ።

ሥራዎን አይልቀቁ። ማታ ማታ ፓይተንና ሲ ፕላስ ፕላስ የተባሉትን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎች ያጥኑ፤ ሮስ የተባለው የሮቦት ሶፍትዌር ማዕቀፍና ሮቦትን በኮምፒውተር አስመስሎ መሞከሪያው ጋዜቦ በነፃ የሚገኙ ስለሆኑ ሮቦት ሳይገዙ መለማመድ ይችላሉ። ለሁለተኛ ዲግሪው ከመመዝገብዎ በፊት ከመኖሪያዎ ብዙም በማይርቀው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያሉ መምህራንን ያነጋግሩ፤ ነገር ግን ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ደብተር ይያዙና ፎርክሊፍት በቆመ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውንና ምክንያቱን ይመዝግቡ፤ የመጋዘኑን መተላለፊያዎች በሜትር ለክተው በጋዜቦ ይሥሩት፤ ከዚያም በደብተርዎ የሰፈሩትን መሰናክሎች አንድ በአንድ እያስገቡ ሮቦቱ የት ላይ እንደሚቸገር ይመልከቱ። ለመምህራኑ የሚያሳዩት እሱን ይሁን።